ካቶሊክ ያልሆነ ተማሪ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል?

የአክስቴ ልጅ የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ካለፉት 8.4 በመቶ ተማሪዎች አንዷ ናት። ውጤቱ የመጣ ቀን ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ዶሮ ተሠራ፣ ጎረቤት ተጠራ። ደስታው ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ክርክር ተለወጠ። የምትመደብበት ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ የሁለት ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ እሱም መንገዱ ሰላም ከሆነ ነው። "እዚሁ ከተማ ውስጥ የግል ትማር" የሚል ሐሳብ ተነሳ። ስም ሲዘረዘር ቆይቶ አንዱ ዘመድ "የካቶሊኮቹ ዩኒቨርሲቲስ?" አለ።

አክስቴ የያዘችውን ስኒ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና "እንዴ! ልጄን ማዕተቧን ሊያስበጥሱብኝ ነው?" አለች።

እኔ ሳቄ መጣ። ይህችኑ ልጅ የዛሬ 14 ዓመት ካቶሊክ ትምህርት ቤት መዋዕለ ሕፃናት ለማስመዝገብ አባቷ ሌሊቱን በር ላይ ተሰልፈው አድረዋል። ብርድ ልብስና ሻይ በፔርሙዝ ይዤላቸው የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ሰልፉ ላይ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ነበሩ፣ ሂጃብ የለበሱ ነበሩ፣ ከጸሎት ቤት በቀጥታ የመጡም ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የካቶሊክ ምእመናን ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ገደማ ናቸው። እንግዲህ የዚያ ሰልፍ አብዛኛው ሰው የሌላ እምነት ተከታይ እንደነበር ለማወቅ ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም።

ታዲያ የአራት ዓመት ልጇን ያለ ፍርሃት የሰጠች እናት የ18 ዓመት ልጇን ለመስጠት ለምን ፈራች? እኔ እንደሚመስለኝ የአራት ዓመቷን ልጅ ሃይማኖት የሚወስነው ቤቱ ነው። የ18 ዓመቷ ግን ራሷ ታስባለች፣ ራሷ ትወስናለች። አክስቴ በእርግጥ የፈራችው የልጅቱን ማደግ ይመስለኛል። ያ ፍርሃት ደግሞ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ብትገባ አይቀርም።

በዚያው ሳምንት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው አጎቴ ደወለ። የእሱም ልጅ 12ኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ "ጆርጅታውን አመልክቺ" ብለዋታል። አጎቴ በኢንተርኔት ሲያይ ዩኒቨርሲቲው የካቶሊክ ሆኖ አገኘው። "አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል፤ ምን ይሻላል?" አለኝ። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት አገር። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት።

መጀመሪያ ገበያውን እንየው

እዚህ አገር ነገሩ አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3፣ 3.2፣ 5.4፣ ከዚያ 8.4 በመቶ ናቸው። ያለፈ ተማሪ ብርቅ ሆኗል። በሌላ በኩል በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም። ወላጅ አራት ዓመት ከፍሎ፣ ልጁ ግን ዲግሪ ሳይዝ ቀረ ማለት ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም የግል ተቋማት እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ አድርጎ መስፈርት ያላሟሉትን እያስወጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የኢኮኖሚክስ ሐሳብ ልዋስ። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገለ መኪና ገበያ ጽፈው ኋላ የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ነገሩ ለአዲስ አበባ ሰው ግልጽ ነው። ያገለገለ ቪትዝ ልትገዛ ስትሄድ ሻጩ የመኪናውን ችግር ያውቃል፣ አንተ አታውቅም። ደላላው ይምላል፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ስለዚህ ሌላ ምልክት ትፈልጋለህ፦ ማን ነው የነዳው? ሻጩን ነገ አገኘዋለሁ ወይ?

ዩኒቨርሲቲ ከቪትዝ የባሰ ነው። ጥራቱ የሚታወቀው አራት ዓመት ካለፈና ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ቪትዝን መልሶ መሸጥ ይቻላል፤ ዕድሜን ግን ማንም አይመልስም። ስለዚህ ቤተሰብ ምልክት ይፈልጋል። በር ላይ ያለው መስቀል ለብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ምክንያቱ እምነት ብቻ አይመስለኝም። የሕንፃ ሦስት ፎቅ ተከራይቶ የተከፈተ ኮሌጅ ነገ ታፔላውን አውርዶ ሊሄድ ይችላል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ከተማው ውስጥ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይዞ የኖረ የሃይማኖት ተቋም ግን የትም አይሄድም። አንዱ ጋ ስሙ ከጠፋ ሁሉም ጋ ይጠፋል። ስሙን መያዣ አስይዟል ማለት ነው።

መስቀሉ የማይነግረን ነገር

ይህን ስል ግን አደራ፣ ምልክቱን ከሚገባው በላይ አናስከብረው። ጥሩ መዋዕለ ሕፃናት ያለው ቤተ ክርስቲያን ጥሩ የምህንድስና ክፍል አለው ማለት አይደለም። ፊደል ማስቆጠርና ላቦራቶሪ ማቋቋም የተለያየ ሙያ፣ የተለያየ ገንዘብ ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስም የተሰየመው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ የሃይማኖት ተቋም የከፈተው ኮሌጅ መመዘን ያለበት እንደማንኛውም ተቋም ነው፤ በትምህርት ክፍሉ፣ በመምህራኑ፣ በመውጫ ፈተና ውጤቱ።

መስቀል የሥነ ምግባር ዋስትናም ሆኖ አያውቅም። አጎቴ የጠየቀኝ ጆርጅታውን በ1789 ነው የተመሠረተው። ሁሉም ቀኖቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1838 የሜሪላንድ ጀስዊቶች በባርነት የያዟቸውን 272 ሰዎች ሸጡ፤ ከገንዘቡም ከፊሉ የዩኒቨርሲቲውን ዕዳ ለመክፈል ዋለ። ዩኒቨርሲቲው ዛሬ ይህን በይፋ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ነገሩን የማነሳው ለማሳጣት አይደለም። ጸሎት ቤት ያለው ግቢ ሁሉ ጽድቅ የሞላበት ነው ብሎ የሚገባ ተማሪ እንዳይታለል ብዬ ነው።

"ይቀይሯታል" የሚለው ፍርሃት

ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ። ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ታሪክ አለው። አፄ ሱስንዮስ በጀስዊቶች ስብከት የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ለማድረግ ሞክረው አገሩ በደም ታጠበ። በ1624 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለልጃቸው ለቀቁ። አፄ ፋሲለደስም ጀስዊቶቹን ከአገር አስወጡ። ይህ ከ390 ዓመታት በኋላም በቤታችን ይወራል።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ግን ብዙም አይወራም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት እንደገና ሲቋቋም አፄ ኃይለ ሥላሴ ማንን ጠሩ? ጀስዊቶችን! የካናዳ ጀስዊቶች መጀመሪያ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ያዙ። ከዚያ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት የሆኑት ከእነሱ አንዱ፣ ሉሲየን ማት ነበሩ። መንግሥት ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር፦ ልብሳችሁ የመምህር ልብስ ይሁን፣ ስብከት የለም። ኦርቶዶክሳዊው ንጉሥ በአገሩ ታሪክ በጣም የሚፈሩትን ሰዎች ጠርቶ፣ ውሉን ግልጽ አድርጎ፣ ዕውቀታቸውን ወሰደ። ከዚያ ኮሌጅ የወጡት ምሁራን ካቶሊክ ሆነው አልወጡም። ብዙዎቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ማርክስ ነው የሄዱት።

እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ውሉ ይታወቅ። ውሉ ከታወቀ ፍርሃቱ ወደ ጥያቄ ይለወጣል፤ ጥያቄ ደግሞ መልስ አለው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ያስቀመጠችው ውል ምን ይላል? ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1990 "ኤክስ ኮርዴ ኤክሌዚዬ" የተባለ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከት ደንብ አውጥተዋል። ሁለት ጎን አለው። የካቶሊክ ትምህርት በዩኒቨርሲቲው ሥራ ሁሉ ላይ ተጽዕኖ እንዲኖረው ያዝዛል፤ በዚያው ዐረፍተ ነገር የእያንዳንዱ ሰው የኅሊና ነጻነት ሙሉ በሙሉ እንዲከበር ይላል። የሌላ እምነት ተከታዮችም የተቋሙን ካቶሊካዊ ማንነት አውቀው እንዲያከብሩ ይጠይቃል። በአጭሩ፣ "አንቺን አናስገድድሽም፤ አንቺም ቤቱ የማን እንደሆነ አትርሺ" ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 27 ማንም ሰው በእምነቱ ጉዳይ እንዳይገደድ ይከለክላል። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። የመውጫ ፈተናውም ለሁሉም አንድ ነው፤ ለካቶሊክ የተለየ የሒሳብ አያያዝ ጥያቄ የለም።

የአሌክሳንድሪያዋ ልጅ ሒሳብ

የአጎቴ ልጅ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ዋሽንግተንና አካባቢው ከኢትዮጵያ ውጭ ብዙ ሐበሻ ያለበት ቦታ ነው፤ በዚያው ዙሪያ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎችም በርከት ይላሉ። ጆርጅታውን አለ፣ የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በአርሊንግተን ሜሪማውንት አለ፣ በመነኮሳት እኅቶች በ1897 ለሴቶች የተመሠረተው ትሪኒቲ አለ። ትሪኒቲ ዛሬ የሚያስተምራቸው አብዛኞቹ ጥቁርና የላቲን ዝርያ ያላቸው ሴቶች ናቸው። ሁሉም "ካቶሊክ" ይባላሉ እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንዱ ግቢ የወንድና የሴት ማደሪያ ፈጽሞ የተለየ ነው፣ በሌላው ልል ነው።

አጎቴን ያስደነገጠው ዋጋው ነበር። የጆርጅታውን ዓመታዊ ጠቅላላ ወጪ ከ85 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አጎቴ ኡበር ይነዳል፣ ሚስቱ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ትሠራለች። "ልጄ ለምን ጆርጅ ሜሰን አትገባም? ለቨርጂኒያ ነዋሪ የትምህርት ክፍያው 14 ሺህ ገደማ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጆርጅ ሜሰን ጥሩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ግን በታፔላው ላይ ያለው ዋጋና ቤተሰቡ የሚከፍለው ዋጋ አሜሪካ ውስጥ ይለያያል። ጆርጅታውን ለአሜሪካ ዜጎችና መስፈርቱን ለሚያሟሉ ቋሚ ነዋሪዎች የቤተሰቡ አቅም የማይሸፍነውን ክፍተት እሞላለሁ ይላል። ስለዚህ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ የ85 ሺሁ ዩኒቨርሲቲ ከ14 ሺሁ ሊረክስ ይችላል። ሌሎቹ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሁሉም እንዲህ ያለ ቃል አይገቡም፤ የእርዳታ አቅማቸው ይለያያል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ድረ ገጻቸው ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ እንዲያስቀምጡ በሕግ ይገደዳሉ። የታክስ ወረቀት ይዞ አንድ ሰዓት መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በሃይማኖት በኩልስ? በጆርጅታውን ቅዳሴ መግባት ግዴታ አይደለም። የሥነ መለኮት ኮርስ ግን ሁለት መውሰድ ግዴታ ነው፤ ከእነሱም የታወቀው "ዘ ፕሮብሌም ኦፍ ጋድ" የሚባለው ነው። ስሙን ሲሰማ አጎቴ "እግዚአብሔር ደግሞ ምን ችግር አለበት?" ብሎ አሳቀኝ። ትምህርቱ ሰው ስለ እግዚአብሔር መኖር፣ ስለ መከራ፣ ስለ እምነት የጠየቃቸውን ጥያቄዎች የሚያይ ነው። እኔ እንደማስበው ለእሷ ጥቅም አለው። በሰንበት ትምህርት ቤት በአማርኛ የሰማችውን በእንግሊዝኛ መከራከር ትለምዳለች። ሃይማኖት ከማይነሳበት ግቢ ይልቅ በግልጽ የሚነሳበት ግቢ ለአማኝ ልጅ ሊመች ይችላል። ጆርጅታውን እ.ኤ.አ. በ1999 የሙሉ ጊዜ ሙስሊም ቄስ አቻ፣ ማለትም ኢማም፣ የቀጠረ የመጀመሪያው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2023ም ግቢው ውስጥ መስጊድ መርቋል። ለኦርቶዶክስ ተማሪዎችም የራሳቸው አገልግሎት አለ።

የሚያስቸግር ነገርም አለ። በ2016 ዓ.ም. የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር፤ የእነሱ ከአምስት ሳምንት በፊት አልፎ ነበር። የእነሱ በዓል ዕረፍት ነው፤ የእኛ ግን ከማጠቃለያ ፈተና ሰሞን ጋር ይጋጫል። የሁዳዴ ጾም ለ55 ቀን ነው፣ ካፍቴሪያው ደግሞ ዓርብ ዕለት ዓሣ ካቀረበ ጾም አሟላሁ ይላል። በብዙዎቹ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች የጤና ማዕከል የወሊድ መከላከያ አይሰጥም። የእኛ ቤተሰቦች ይህን ሲሰሙ "እሰይ" ይሉ ይሆናል፤ የምትማረው ልጅ ግን አስቀድማ ማወቅ አለባት።

ይዘን የምንሄደው ጥያቄ

አክስቴ በመጨረሻ የነፍስ አባቷን አማከረች። እሳቸው የተቆጡ መስሏት ነበር፤ ረጋ ብለው ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ቅዳሴያቸውን ያስገድዷታል ወይ? በጾም ምን ትበላለች?" ከዚያ "የቀረው የእናንተ ሥራ ነው፤ ቤታችሁ ያልሰጣችኋትን ግቢው አይጠብቅላችሁም" አሉ። ከእኔ የኢኮኖሚክስ ትንተና የእሳቸው ምክር የተሻለ ነበር።

እኔም የእሳቸውን ሁለት ጥያቄ ይዤ የራሴን ጨመርኩበት። ተመሳሳይ ውሳኔ ላይ ላላችሁ አንባቢዎች ይኸው፦

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን ልጃችሁ የምትማርበት የትምህርት ክፍል በዚያ ግቢ ፈቃድ አለው ወይ? ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ በዚያ የትምህርት ክፍል ለመውጫ ፈተና ስንት ተማሪ ተቀመጠ፣ ስንት አለፈ? "ከፍተኛ ውጤት አስመዝግበናል" የሚል ፖስተር መልስ አይደለም። ሦስት ተፈትነው ሦስቱም ቢያልፉ መቶ በመቶ ነው፤ ያ ግን ብዙ አይናገርም።

ሦስተኛ፣ የተማሪዎች መመሪያውን በጽሑፍ ጠይቁ። የግዴታ ጸሎት አለ ወይ? የግዴታ የሃይማኖት ኮርስ አለ ወይ? ስለ ማዕተብ፣ ስለ ነጠላ፣ ስለ ሂጃብ፣ ስለ ዓርብ ሶላት ምን ይላል? በቃል "ችግር የለም" የሚል ጸሐፊ ነገ ሊቀየር ይችላል፤ ወረቀት ግን ይቀመጣል።

አራተኛ፣ የአራት ዓመቱን ክፍያ ደምሩ። የመንግሥቱን የወጪ መጋራት ከተመረቁ በኋላ ነው የሚከፈለው፣ የግሉ ዛሬ ነው። ክፍያው በየዓመቱ ስንት ይጨምራል? ብታቋርጥ ይመለሳል? የነጻ ትምህርት ዕድሉ ለካቶሊክ ምእመናን ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል። ማፈር አያስፈልግም፣ ገንዘብ ነው።

አምስተኛ፣ ከዚያ የተመረቀ የእናንተን እምነት የሚከተል ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። የዋና መግቢያው ጥበቃም ከማስታወቂያው በላይ ይነግራችኋል።

ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ ግቢ ካቶሊክም ይሁን ሌላ ለመምረጥ ይበቃል። መልስ ሲጠየቅ የሚድበሰበስ ከሆነ ግን በሩ ላይ የቱንም ያህል ትልቅ መስቀል ቢኖር እለፉት። የራሳችን ቤተ እምነት የከፈተው ቢሆንም እንኳ። ከእምነታችን ሰው ሲሆን መጠየቅ ያሳፍረናል፣ በዚህ የተነሳ በየዋህነት የምንጎዳው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የሌላ እምነት ግቢ ስንሄድ ቢያንስ ዓይናችንን ገልጠን ነው።

የአጎቴ ልጅ ማመልከቻዋን አስገብታለች፤ ጆርጅ ሜሰንንም አልተወችም። የአዲስ አበባዋ ደግሞ ለምዝገባ ቀን ቀጥራለች። ቅዳሜ ሦስታችንም አብረን እንሄዳለን። አክስቴ ጥያቄዎቹን በደብተር ጽፋ ይዛለች። አንደኛው ስለ ጾም ምግብ ነው፣ የመውጫ ፈተናው አምስተኛ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን ላስቀይራት ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ቸር እንሰንብት።